መመሪያውን እንደ ቅርጫ የተካፈልን ጊዜ

የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ሆኜ ስመረጥ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አመቻች ማለት ቀን እርሻና ገበያ የሚውሉ ሰዎችን ማታ ሰብስቦ ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት የሚያስተምር ሰው ነው። «መምህር» ላለማለት የተፈለገ ስም ይመስለኛል፤ ስሙን ግን አልተጣላሁትም። የተጣላሁት ከሌላ ነገር ጋር ነው።

እኔ ራሴ ፊደል የለየሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት፣ ካገባሁ በኋላ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ልጆቼ ከፍ ስላሉ ማታ ማታ እየተማርኩ ስምንተኛን ጨረስኩ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም። በአባቴ ከሰሜን የመጣን፣ በእናቴ አሪ ነን። አማርኛውንም አሪኛውንም የማወራው ስለ ቋንቋው ሳላስብ ነው። ቀበሌው የመረጠኝም ለዚህ ነው፤ ጂንካ ዳር ያለው የእኛ የትምህርት ጣቢያ ተማሪዎች አብዛኞቹ አሪኛ እንጂ አማርኛ እንደልብ አይናገሩም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አራሾቹ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር በአንድ አግዳሚ አንቀመጥም አሉ። ድሮም የኖረ ነገር ነው፤ አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም። እኔም አብሮ መቀመጥ የማይፈልግ ቆሞ ይማር አልኩ። ቆሙ። ቆሞ መጻፍ እንደማይመች ጉልበታቸው ነገራቸውና አንድ በአንድ ተቀመጡ። ይህን ያህል ችያለሁ።

ማስተማሩን ግን አልቻልኩበትም። የማውቀው እኔ የተማርኩበትን መንገድ ብቻ ነበር፤ ሀ ሁ እያልኩ እጮሃለሁ፣ ተከትለው ይጮሃሉ። ኮረሪማ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። አንድ ቀን ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«የልጅ ልጅ ያለኝን ሰው እንደ ሕፃን ጩኺ ትይኛለሽ?» አለችኝና ወጣች። በማግሥቱም አልመጣችም። እሷን የሰሙ ሌሎችም ቀሩ።

ለጎልማሳ የሚሆን ሌላ የማስተማሪያ መንገድ እንዳለ ያኔ ነው የሰማሁት። የአመቻቾች መመሪያ የሚባል መጽሐፍ ታትሞ ዞኑ ደርሷል፤ ጂንካም ላይ በየጊዜው ስልጠና ይሰጣል። ታዲያ ማን ነው የሚሰለጥነው ብዬ ጠየቅሁ። ስልጠናው አበል ስላለው የሚሰለጥኑት የቢሮ ሰዎች ነበሩ። ዕቅድ የሚሠራው፣ ንብረት የሚጠብቀው፣ አንዳንዴም ምን እንደሚሠራ የማይታወቀው። መጽሐፎቹ ደግሞ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ተቀምጠዋል።

ወደ ዞኑ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰውን የማያመናጭቅ። «እማማ፣ ስልጠናው አሥረኛ ክፍል ለጨረሰ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ስምንተኛ ነዎት» አለኝ። እንዳስተምር ሲመርጡኝ ስንተኛ እንደነበርኩ ጠየቅሁት። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው አለ። እኔ ሌላነቱ አልታየኝም፤ ስለዚህ ተመላለስኩ። በሄድኩ ቁጥር ወንበር ይሰጠኛል፣ መጽሐፍ አይሰጠኝም። በመጨረሻ ንብረት ጠባቂው እኔን ማየት ሰልችቶት አንድ መጽሐፍ አውጥቶ አስፈረመኝና ለሁላችሁም ይሄው ይብቃችሁ አለ።

ለሁላችንም ማለቱ ለዞኑ አመቻቾች በሙሉ ነው። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ነውና የቻልን ሁሉ ከገበያው ጀርባ ባለ ሻይ ቤት ጓሮ ተሰበሰብን። ከቀይ አፈር ከተማ ማር ይዞ በአይሱዙ የሚመጣ የበና ብሔረሰብ ሰው ነበረ፤ ረጅም፣ ነገር አዋቂ፣ ሳይቀልድ ሻይ የማይጠጣ። ከላይ ከአሪ ተራራ በእግሯ የምትወርድ፣ ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ነበረች። ሌሎችም ነበሩ። መጽሐፉን ሁሉም ቀድሞ ሊወስደው ፈለገ። ፎቶ ኮፒ እናስነሳ አልን፤ ኪሳችን እምቢ አለ። በተራ ለአንድ ለአንድ ሰው እየተሰጠ ይዙር ቢባል ርቃ ያለችው ቱርሚ እስኪደርስ ዓመት ያልቃል። ጠብ ሊነሣ ሆነ።

ያን ጊዜ ከሸንኮራ ሻጭ ቢላዋ ተዋስኩና የመጽሐፉን ጀርባ ዘረጠጥኩት። ድርሻ ድርሻውን ለየሁ።

«እማማ፣ ሻኛው ለማን ነው?» አለ የቀይ አፈሩ።

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። እዚህ ላይ ተሳሳትን። የአንድ በሬ ቅርጫ የገባ ሰው የደረሰውን ሥጋ ቤቱ ወስዶ ይበላል እንጂ የሌላው መደብ ምን እንደነበረ አይጠይቅም። እኛም እንደዚያው አደረግን። ለቀይ አፈሩ ሰው የደረሰው የመጨረሻው ክፍል፣ ስለ ምዘና የሚናገረው ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹን ሳያስተምር ሳምንቱን ሙሉ ይፈትናል፤ ሲወድቁበት ደግሞ ደግሞ ይፈትናቸዋል። ለተራራዋ ልጅ ውይይት ደረሳት፤ ሰዎቿ ስለ ውኃና ስለ ፍየል በሽታ እያወሩ ያመሻሉ፣ አንድ ፊደል አላዩም። ለእኔ የደረሰኝ አቀባበል ነው፤ ተማሪን በክብር መቀበል፣ ክብ ሠርቶ ማስቀመጥ፣ የመጣበትን ጉዳይ መጠየቅ። ኮረሪማ ሻጯን ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ይቅርታ ጠይቄ መለስኳት። ከዚያም ተቀበልኳት፣ ተቀበልኳት፣ አሁንም ተቀበልኳት።

«ደግ አደረግሽ። መቼ ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ተገናኝተን እርስ በርስ ስንነጋገር ምን እንዳደረግን ገባን። የሻይ ቤቷ ባለቤት ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ድረስ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ቅርጫው ይቅርና ወንፈል እንግባ አልኩ። ወንፈል ዛሬ የአንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን ማሳ አብሮ ማረስ ነው። በየቅዳሜው አንዱ ተነሥቶ በእጁ ያለውን ክፍል እኛን ተማሪ አድርጎ ያስተምረናል፤ ሲያበቃ ያየነው መጀመሪያ ያማረውን፣ ቀጥሎ የጎደለውን እንነግረዋለን። የተነገረው ሰው አይከራከርም። እኔን የቸገረኝ ይህ የመጨረሻው ሕግ ነው። ከዚያ ድርሻ እንለዋወጣለን፤ መንገዱ የሚመቸን ደግሞ አንዳችን የአንዳችን ጣቢያ ሄደን ቁጭ ብለን እናያለን።

ቱርሚዎቹ መኪና ሲያገኙ ይመጣሉ፤ ባይመጡ ድርሻቸውን በአይሱዙ ይልካሉ። ተማሪዎቻችን ለውጡን ከእኛ ቀድመው አዩት። እኔ ጩኸቱን ትቼ በገበያ ሚዛን ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ስለ ሚዛን አወራን፣ ከዚያ ቃሉን ጻፍን፣ ከዚያ ፊደሎቹን ለየን፣ ከዚያ ቁጥሮቹን። ኮረሪማ ሻጯ ከገበያ ስትመለስ በሳቅ ታንቃ መጣች። ነጋዴው የገዛችውን ስኳር ሲመዝንላት እንደ ልማዱ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳርፏል፤ እሷ ደግሞ ቀስቱ የቆመበትን ቁጥር አንብባ፣ እጅህን አንሣና እንደገና መዝን አለችው። ነጋዴው ማን አስተማረሽ ሲላት ምን ብላ እንደመለሰች እዚህ አልጽፈውም።

ደስታችንን ሳንጠግበው ከዞን የመጣ ባለሙያ ቀይ አፈር ገባ። መመሪያው የታለ ሲለው ያ ወዳጃችን በላስቲክ የጠቀለለውን ድርሻውን በኩራት አወጣለት። ቀሪውስ? ቢለው ቅርጫ መግባታችንን ነገረው፤ ቢላዋውን የያዘው ማን እንደሆነም ሳይደብቅ። በሳምንቱ ተጠራሁ።

ኃላፊው ያን ቀን ወንበር ሳብ አድርጎ አልሰጠኝም። ያደረግሁት የመንግሥት ንብረት ማውደም እንደሆነ፣ መጽሐፉን ሙሉውን ካልመለስኩ ከሥራ እንደምሰናበት፣ በእኔ ቦታም ዲፕሎማ ያለው ሰው እንደሚመደብ ነገረኝ። አሪኛ ያውቃል? አልኩ። አያውቅም። ተማሪዎቼ ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ማንም አያስፈልገኝም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አልፈራሁም፤ መንገድ ላይ ግን ፈራሁ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጣቢያው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም። ከመውጣቴ በፊት ግን መጽሐፉ ተበታትኖ ስላለ ቅዳሜ ራሱ መጥቶ እንዲረከብ ነግሬው ነበር።

መጣ። የሻይ ቤቱን ጓሮ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ያን ቀን ተራው የቀይ አፈሩ ሰው ነበረ፤ የሚያስተምረው ስለ ሚዛን ነው። ኃላፊውን ቦታ ስለሌለ በሁለት ሴቶች መካከል አስቀመጥነው፤ አንደኛዋ ያዘለችው ልጅ ክራቫቱን ያዘበት። ትምህርቱ ሲያልቅ እንደ ሕጋችን ሁሉም አስተያየት ሰጠ፤ ተራው ሲደርሰው እሱም ዝም ብሎ አላለፈም። ምሳሌው ከገበያ መሆኑ ማለፊያ ነው አለ፤ ነገር ግን የሚመልሱትን ብቻ እየጠየቅህ ከኋላ ያሉትን ዝምተኞች ረሳሃቸው አለው። እውነት ነበር። ሁላችንም ሳናየው ያለፍነው ነገር ነው።

የቀይ አፈሩ ሰው አልተከራከረም። ጠመኔውን ዘረጋለት።

«ጌታዬ፣ ወንፈል የበላ ወንፈል ይከፍላል።»

ኃላፊው ሳቀ። ቢሮ ከመግባቱ በፊት ኦሞ ወንዝ ዳር ለዓመታት አስተማሪ እንደነበረ ያን ዕለት ነው የነገረን። ተነሣ፤ ጃኬቱን አውልቆ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ሰጠ። ያችኑ የሚዛን ትምህርት ከኋላ ከተቀመጡት ጀምሮ እንደገና አስተማረ። ፍርድ አላጓድልምና ልናገር፤ ግሩም አስተማሪ ነው። ጠመኔ የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ምሳ ሰዓት ማለፉንም የረሳ ይመስል ነበር።

ሲጨርስ ሁሉም ድርሻውን አምጥቶ ፊቱ ደረደረ። ሁሉም በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ አንድ ቅጠል አልጎደለም።

«መጽሐፉ ይኸው» አልኩት። «አሁን ፍረድ። ያጠፋው የቆረጠው ነው ወይስ የቆለፈው?»

ድርሻዎቹን እያገላበጠ ቆየ። ጥግ ጥጋቸው በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ በኅዳጉ ላይ ሰው የጻፈው አለ።

«የቆለፈው» አለ ቀስ ብሎ። «እማማ፣ ከእንግዲህ የስልጠናው ወንበር ለሚያስተምር ሰው ነው።»

«ጮክ በል ልጄ፤ ቀይ አፈር አልተሰማም።»

ጮክ ብሎ ደገመው። ቃሉን ለማስፈጸም ከበላዮቹ ጋር ምን ያህል እንደተጣላ በኋላ ከሌሎች ነው የሰማሁት፤ እሱ አልነገረኝም። የክፍል ደረጃው መመዘኛ ቀረ፣ ጣቢያ ያለው ይገባል ተባለ፤ ቁምሳጥኑም ተከፈተ፣ እያንዳንዱ አመቻች የራሱን መመሪያ ወሰደ። ቅዳሜያችንን ግን አልተውንም። ዛሬም ድረስ አለ፤ እኔ ጉልበቴ ደክሞ ማስተማሩን ባቆምም ጎደሎ ለመናገር እሄዳለሁ።

ያ አዲሱ ስልጠና የተከፈተ ጠዋት ኃላፊው በአዳራሹ በር ላይ እንድቆም ለመነኝ። እርስዎን አልፎ የሚገባ አይኖርም አለ። ከቱርሚ በጭነት መኪና፣ ከቀይ አፈር በአውቶቡስ፣ ከተራራው በእግር መጡ። የቢሮ ሰዎችም እንደ ልማዳቸው መጡ። ሁሉንም አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ የት ነው የምታስተምረው? መልስ የሌለው እየሳቀም እየተቆጣም ተመለሰ።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ የልጄ ባል ነበር። ዞን ነው የሚሠራው፤ ያለፉትን ስልጠናዎች በሙሉ ተካፍሏል። በእኛ ቤት አማች ይከበራል፤ እኔ እሱን «አንተ» ብዬው አላውቅም።

«እንደምን አደሩ» አልኩት። «የትኛው ጣቢያ ነው የሚያስተምሩት?»

«እማማ፣ እኔን አያውቁኝም?»

«አውቅዎታለሁ። ለዚህ ነው የጠየቅሁዎ።»

ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከኋላው የተራራዋ ልጅ ጭቃዋን ሳታራግፍ፣ ልጇን እንዳዘለች ቆማለች።

«እባክዎ ለመምህሯ መንገድ ይልቀቁላት» አልኩት።

ለቀቀላት። ልጄ በዚህ ነገር ለአንድ ሰሞን አኮረፈችኝ፤ ታኩርፍ። እኔ በሩን ዘግቼ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ የማያስተምር አንድም ሰው አልነበረም። ለእኔ የተያዘልኝ ወንበር ከፊት ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት።