ክሎቲልዳ ያሞቀችው እርሾ

የክሎቲልዳ ደሪ እናት በናንዶም ከተማ የታወቀች፣ ፒቶ የሚሉትን ጠላ ጠማቂ ነበረች። ክሎቲልዳም የማሽላ ብቅል ሲሰጣ እያየች፣ ጥንስስ እያማሰለች አድጋ ታማሌ ከተማ መጣችና እኔ ብልቃጥ የማጥብበት ላቦራቶሪ ተቀጠረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪውን እርሾ የምትቀልበው እሷ ናት። ዲግሪ የላትም። እርሾን እንደ እሷ የሚያውቅ ሰው ግን አላየሁም፤ ዲግሪ ያላቸውንም ጨምሬ ነው የምለው።

አለቃችን ዶክተር ባዩኦም የናንዶም ልጅ ነው። አባቱን እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሰውነት የሚያደርቅ በሽታ ይዟቸዋል፤ በአንጎል ሴሎች ውስጥ ፕሮቲን እየተጓጎለ የሚያመጣው ነው አሉ። ዶክተሩ ያንኑ ፕሮቲን እርሾ ውስጥ አስገባ። እርሾው ድንገት ትኩስ ውሃ ውስጥ ሲነከር ፕሮቲኑ እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ይጓጉላል፣ እርሾውም ይሞታል። ታዲያ ለግማሹ ብልቃጥ የአንድ ዛፍ ቅርፊት ተዘፍዝፎ የወጣ ውሃ፣ ለግማሹ ተራ ውሃ ይጨምርና ትኩሱ ውስጥ እንድትነክረው ለክሎቲልዳ ይሰጣታል።

ሦስት ጊዜ ተሠራ። ሦስቱንም ጊዜ ቅርፊት ያገኘው ዳነ፣ ሌላው አለቀ። ዶክተሩ ጮቤ ረገጠ።

ሐሙስ ምሳ ላይ ቲዜድ የሚባለውን ገንፎ እየበላን ሳለ፣ «ቅርፊቱን ማክሰኞ ለአባቴ ላክሁለት» አለን። «የሐኪሙን ክኒንም ተው ብዬዋለሁ፤ እህቴንም ጣይው ብያታለሁ። ሆዱን ሲያቃጥለው ነበር የኖረው።»

ክሎቲልዳ የጠቀለለችው ጉርሻ ከእጇ ወደቀ። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቼ ያነቃት መስሎኝ ውሃ አነሳሁ።

«ዶክተር፣ የቅርፊቱ ውሃ ከፍሪጅ ነው የሚወጣው አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«በረዶ ሆኖ ነው እርሾው ላይ የሚጨመረው። እናቴ፣ እርሾን ከብርድ አንስተሽ ትኩስ ውስጥ አትክተቺው፣ ይደነግጣል ትል ነበር። አሳዘነኝ። የቅርፊቶቹን ብልቃጦች ብቻ መጀመሪያ ትኩሱ ውሃ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ለብ አደርጋቸው ነበር።»

ዶክተሩ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። እኔ ራሴ ክው አልሁ።

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

«ደብተሩ ላይ የለም!»

«እርሾ ማሞቅ ምኑ ይጻፋል? እጅ መታጠብን ትጽፋለህ? ይልቅ አሁኑኑ ለአባትህ ደውል።»

«ባልተጣራ ነገር አባቴን አላስደነግጥም» ብሎ ተነሳ። አይ ኩራት! እርሾው እንዳይደነግጥ ያሰበች ሴት ፊቱ ቆማ እየለመነችው እኮ ነው።

በዚያው ቀን ነገሩን ገለበጡት። ቅርፊት የገባበት ሳይሞቅ ተነከረ፣ ተራ ውሃ የገባበት ቀድሞ ለብ ተደርጎ ተነከረ። አርብ ጠዋት ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለና ቀና ማለት አቃተው። ቅርፊት የገባበት እንዳለ አልቋል። ለብ ያለው ተራ ውሃ ውስጥ ያለው እርሾ ግን ሕያው ነው፤ ትንሽ የተጓጎለውም እየተፈታ ነው።

«እትዬ፣ የተቀቀለ እንቁላል መልሶ ጥሬ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። «ለብታው ማስጠንቀቂያ ሆኖት ነው። ሴሉ ራሱ ረዳት ፕሮቲኖች ያዘጋጃል። ሊበላሽ ያለውን ደግፈው ይይዛሉ፣ የተጓጎለውን ይፈታሉ። ይህን እኮ በየዓመቱ ለተማሪ አስተምራለሁ! እኔው ነኝ የማስተምረው!»

«ደውል!» ብላ ጮኸችበት።

ደወለ። እህቱ አነሳች፤ ድምፅዋ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። «ከትናንት ጀምሮ እንደ ግንድ ደርቋል። አንገቱን ማዞር አልቻለም፣ ምራቁን መዋጥም አቅቶታል።»

«ክኒኑን ስጪው! አሁን!»

«የቱን ክኒን? ጣይው ብለኸኝ ሽንት ቤት ጨመርኩት እኮ።»

ሰው በቁሙ ሲፈርስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ክሎቲልዳ ኮቱን ከጀርባው ገፍፋ አስነሳችው፣ እየጎተተች ፋርማሲ ወሰደችው፣ ክኒኑን ገዝተው በዚያው የናንዶም አውቶቡስ ላይ ወጡ። ሐኪም ቤት አስተኝተዋቸው ክኒኑ ተፈጭቶ በቱቦ ይሰጣቸው ጀመር። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው አንገታቸውን አዞሩ።

ክሎቲልዳ፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ተናዘዘች። «ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ። ማሞቄን አልተናገርኩም።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ። አፋቸው እንደተሳሰረ ነበርና ቃል በቃል እየለቀሙ ተናገሩ።

«ሦስት ጊዜ ሠርተህ፣» አሉት፣ «አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሃትም?»