ቄስ ታከለ መብራቱን የተዉበት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን የባህል ማዕከል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ታወራለች። «ጋሼ፣ አንድ የንባብ ምሽት እያዘጋጀን ነው። ርእሱ አእምሮን ስለ መክፈትና ስለ መንፈስ እድገት ነው። ከግጥሞችዎ የሚያነሳሳ አንድ ቢያነቡልን» አለችኝ። የሚያነሳሳ የለኝም አልኳት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ የሚያሳዝንም ይሆናል፤ ብቻ ብዙ አይረዝም» ብላ ሳቀች።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ባልኩበት ቄስ ታከለ ትዝ አሉኝ። አእምሮውን ሲከፍት በዓይኔ ያየሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ምን እንዳተረፈላቸውም አይቻለሁ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጭነው ካመጡን ሁለተኛው ክረምት ነበር። ክረምት እዚህ አገር ተገልብጦ በታኅሣሥ ነው የሚገባው፤ ይህንን ለመልመድ ሰውነቴ ዓመታት ፈጅቶበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቀን ከሬሆቮት ዳር ያለ የብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ያገኘሁትን የዕብራይስጥ ጋዜጣ ሁሉ አነባለሁ፤ በካርቶን ቅዳጅ ላይም ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ትልልቆቻችን ያንቀላፉ፣ የአገሩ ሰዎች ደግሞ የሚጮኹ ይመስሉኝ ስለነበር ከሁለቱም ጋር ሰላም አልነበረኝም።

ቄስ ታከለ የእናቴ አጎት፣ የእኛ የጎንደር አይሁዶች ካህን ናቸው። ጎንደር ሳሉ ሰው ተጣልቶ እሳቸው ዘንድ ለመታረቅ የቀናት መንገድ ይሄድ ነበር። እዚህ ሰፈራችን ክርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ጎረቤቶቻቸው በዕብራይስጥ «ሳባ»፣ አያቴ፣ ይሏቸዋል፤ ነጭ ጥምጥማቸውን እያዩ ፈገግ ይላሉ፤ በዚያው ያልፏቸዋል። ከሕንፃዎቹ ሥር ለጦርነት የተቆፈሩ መጠለያዎች ነበሩ። አንዱን ለጸሎት ብለን ጠየቅን፣ ሰጡን።

በእኛ ሕግ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳት ሁሉ ይጠፋል። ምድጃውም ፍሙም፣ እዚህ ከመጣን ወዲህ ደግሞ አምፖሉም። ሰንበትን በጨለማ ገብተን የቀዘቀዘ በልተን እንውላለን። መጠለያው መስኮት ስላልነበረው ጨለማው ፍጹም ነበር። በዚያ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ ይሰማል፤ ከዚያ የቄስ ታከለ ግእዝ ይነሣል። አምናለሁ ወይስ አላምንም የሚለውን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። ግጥም ምን እንደሆነ የገባኝ ግን እዚያ ነው።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር አንድ ራቢ፣ የአገሩ አይሁዶች መምህር፣ ለሽማግሌዎቻችን ማክሰኞ ማክሰኞ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ጺሙ ቀላ ያለ፣ ሳቂታ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አንዴ ሄደው ተዉት። ቄስ ታከለ ግን ዝናብ ቢጥልም አልቀሩም። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

«አባ፣ ይኼ ሰውዬ የእርስዎን ኦሪት አንድ ቀን እንኳን ልስማ ብሎ አያውቅም። ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እግዜር ለእኔ ብቻ ነው የተናገረው እንዴ ልጄ? ይህን ሁሉ ዘመን ሳልሰማው የኖርኩት ወንድሜ ነው። እስኪ ልስማው።»

አንድ ማክሰኞ ራቢው «በሰንበት ቀን በቤታችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን አነበበ። የተከለከለው በዕለቱ ማንደድ ነው አለ። ዓርብ በርቶ ሰንበትን በራሱ የሚቆይ እሳት ኃጢአት የለበትም፤ እንዲያውም ሰው በጨለማ እርስ በርሱ እንዳይጋጭ፣ በቤት ሰላም እንዲሆን ቀድሞ ማብራት የታዘዘ ነው አለ። ቄስ ታከለ አስደገሙኝ። ደገምኩት። «እንደገና» አሉኝ።

ተያይዘን ወደ ቤታቸው ተመለስን። ዝናቡ አባርቶ ከአትክልቱ በኩል የረጠበ ቅጠልና የወደቀ ብርቱካን ሽታ ይመጣል። የቤታቸው ደረጃ ሥር ስንደርስ ቆሙ።

«'አታንድዱ' ነው የሚለው። 'በጨለማ ተቀመጡ' አይልም። ዕድሜዬን ሙሉ እያነበብኩት አላየሁትም» አሉ።

ያፍራሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ደስታ ነው። ቀናሁባቸው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከያዝኩት ሐሳብ ንቅንቅ የማልል ነበርኩ፤ እሳቸው ጢማቸው ነጥቶ ይራመዳሉ።

ለሳምንታት ጾሙበት፣ ጸለዩበት። በመጨረሻ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ይመኙ ነገሯቸው። ወይዘሮ ይመኙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ዕድሜዬን ሁሉ የቀዘቀዘ ሽሮ ካበላሁዎት በኋላ ነው ትኩሱ የተፈቀደው?» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት እንዲያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ጀምበር ሳትገባ ቄስ ታከለ ወደ መጠለያው ወረዱና መብራቱን አብርተው ተዉት።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው አያ ደርሶ ነበር፤ የወገራ ሰው፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ዱላውን ከእጁ የማይለይ። የብረቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከኋላው የመጡት ደረጃው ላይ ተጠራቀሙ።

«መብራቱን ማነው የረሳው?» አለ።

«አልተረሳም ደርሶ። እኔ ነኝ ያበራሁት፣ ሰንበት ሳይገባ» አሉ ቄስ ታከለ። ከዚያም የቃሉን ነገር ቀስ ብለው አስረዱ። በጥሩ ሁኔታ አስረዱ፤ ከራቢው ይልቅ እሳቸው ሲናገሩት ነው ነገሩ ለእኔም የገባኝ።

ከደረጃው በላይ አንድ ጎረምሳ፣ «ያላ፣ እንግዲህ፣ ነገ ትኩስ ሻይ ልንጠጣ ነው በሉኛ» አለ። ሰዎች ሳቁ።

አያ ደርሶ አልሳቀም። «አባ፣ ጥሩነሽን ያስታውሷታል?» አለ።

«አስታውሳታለሁ» አሉ ቄስ ታከለ።

«ልጄ ናት» አለ አያ ደርሶ ወደ እኛ ዞሮ፣ ለማናውቀው። «ምች መቷት ነበር። የወገራን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሰንበት ሌሊት እናቷ ከአመዱ ውስጥ የተዳፈነ ፍም አገኘች። እፍ ልትለው ስትል እጇን ይዤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሳይነጋ አረፈች።» ወደ ቄስ ታከለ ተመለሰ። «የቀበሯት እርስዎ ነዎት። 'ሰንበትን አልሻርክም፣ ጽድቅ ሆኖ ይቆጠርልሃል' ያሉኝም እርስዎ ነዎት። በዚያ ቃል ነው እስከ ዛሬ የቆምኩት። አሁን ምን እያሉኝ ነው? ዓርብ ማታ አንድ ግንድ አንድጄ ብተወው ኖሮ ይቻል ነበር ነው የሚሉኝ?»

ቄስ ታከለ እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ።

አያ ደርሶ ተመልሶ ደረጃውን ወጣ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለትና ተከተለው፤ ገሚሱ አምኖ፣ ገሚሱ አፍሮ። ያን ምሽት ቄስ ታከለ ለሚስታቸው፣ ለእኔና ሻይ ለናፈቀው ጎረምሳ ጸለዩ። በሳምንቱ ጎረምሳውም ቀረ።

ነገሩን ለራቢው ነገርኩት። ከልቡ ደስ አለው። «ትልቅ ሰው ነው። ወደ እኛ ይምጣ እንጂ፣ ቤቱ ነው» አለ።

አንድ ምሽት ወደ ምኩራቡ ይዣቸው ሄድኩ። የሥራ ቀን ስለነበር የመጣው ሰው ጥቂት ነው። ጸሎቱ በማኅበር እንዲደርስ አሥር ወንድ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ማክሰኞ ማክሰኞ ተምረነዋል። ስምንት ነበሩ፤ እኛ ሁለት። ቄስ ታከለ ዓይናቸውን ቤቱ ላይ አዙረው በጆሮዬ፣ «ሞላን» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር።

የምኩራቡ አስተናባሪ በዓይኑ ቆጠረ። እኛ ጋ ሲደርስ ዓይኑ አልቆመም። በሩን ከፍቶ ወደ መንገድ ወጣና ሁለት ሰው ይዞ መጣ። አንዱ ዳቦና ወተት በላስቲክ የያዘ ጎልማሳ ነው። ሌላው በዚያ ብርድ ቁምጣ የለበሰ ልጅ፤ ከሳጥን ውስጥ የካርቶን ቆብ አውጥተው ራሱ ላይ ደፉለት። ከዚያ ጸሎቱ ተጀመረ። ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ ነበር የያዘው። ራቢው ሁሉንም አይቷል፤ ፊቱን ከመጽሐፉ ቀና አላደረገም።

ቄስ ታከለ በየቦታው «አሜን» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ሲያልቅ ራቢው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘና ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«አትቀየሙኝ ነው የሚለው። በእኔ ቢሆን... ግን የእናንተ አይሁድነት ከላይ፣ በትልልቆቹ ራቢዎች ዘንድ፣ ገና አልተጣራም ይላል።»

«ስንት ክረምት ይፈጅበታል በለው።»

አልተረጎምኩትም። ራቢው ፈገግ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

መንገድ ላይ የምችለውን ሁሉ ተሳደብኩ። አስመሳይ አልኩት፣ ሌላም ብዙ። ቄስ ታከለ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «የተማርኩት ነገር ሐሰት ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኩ። «እንግዲህ እውነቱን ካስተማሪው ላይ ለይቼ እይዘዋለሁ» አሉ። በዚያ ዕድሜዬ ይህ ከትዕግሥት ይልቅ ሽንፈት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ወደ ማታ ወይዘሮ ይመኙ እናቴ ቤት መጡ። ቄስ ታከለ ጀምበር ሳትጠልቅ መብራታቸውን አጥፍተው፣ ጥላም ሳይዙ ወጥተዋል። አያ ደርሶ የሚኖርበት ሕንፃ ሄድኩ። አራተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ነጠላቸው ከዝናቡ የተነሣ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ደረጃው ጨለማ ነው። አልፎ አልፎ ከታች ጎረቤት ሲገባ ማብሪያውን ይጫናል፤ ትንሽ ይበራና ቋ ብሎ ይጠፋል።

«አባ፣ እንሂድ። ይቻላል ብለው አልነበር? ለምን አጠፉት?»

«ደርሶ በጨለማ ነው ያለው» አሉኝ።

ተነሥተው በሩን መቱ። ከውስጥ «ማነው?» አለ አያ ደርሶ።

«ታከለ ነኝ። መብራቴን አጥፍቼ መጣሁ። አብሬህ ልቀመጥ።»

ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ትንፋሹ ይሰማናል።

«አጥፍተው መምጣትዎ ምን ይጠቅመኛል አባ» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ሰምቼዋለሁ።»

በሩ አልተከፈተም።

ቄስ ታከለ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓርብ እዚያ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አያ ደርሶ ቀድሞ ሞተ፤ እሳቸው ተከተሉ። ዛሬ ዓርብ ማታ ክርያት ሞሼ ውስጥ የማይበራ መስኮት የለም። በየቤቱ ዓርብ የሚሰካ ምግብ ማሞቂያ አለ፤ የአያ ደርሶ የልጅ ልጆች ቤትም አለ። ይህን ለሰፈራችን መጀመሪያ ያሳየ ሰው እንደነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ያወቀም ይቅርታ አልጠየቀም። አእምሮው የተከፈተ ሰው ይሰፋል ይባላል። ቄስ ታከለ ሰፍተው ነበር፤ ምስክር ነኝ። ከሰፉ በኋላ ግን የሚበቃቸው በር በዚህ ከተማ አልነበረም፤ የወንድማቸውም፣ የወገናቸውም።

ለልጅቷ መልሼ ደውዬ አልመጣም አልኳት።

እናቴ አርጅታለች፤ አብራኝ ነው የምትኖረው። አምና አንድ ቀን ሾርባዋን ሳበላት እጄን ያዘችኝ። እኔ ሳልወለድ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ከመንደሩ ዳር ባለው የአራስ ጎጆ ውስጥ ሳለች በብርድ እንደሞተችባት አውቃለሁ። ሴት ልጅ የወለደች ሰማንያ ቀን ተለይታ እዚያ ትቀመጥ ነበር። «አንተ ብዙ አንብበሃል። ያ ጎጆ በኦሪቱ ግድ ነበር ወይ?» አለችኝ።

ኦሪቱ ቀኑን ይቆጥራል እንጂ ጎጆ አይልም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

«ግድ ነበር፣ እማ» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነስ ደግ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።