ዘሪሁን የተወለደበት ቀን

ባለፈው ሳምንት በርክ ከተማ የምትኖረው ልጄ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ፣ "ዳዲ፣ ሊኑክስ ጫንልኝ" አለችኝ። ሻዬ ሳይበርድ ጨረስኩላት። ማን እንዳስተማረኝ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት፤ ማንም።

ያኔ ከአገር ቤት ገና የመጣሁ ወጣት ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአጎቴ ልጅ ከዘሪሁን ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ እኔ አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ቅጠሉ ቀልቶ በሚረግፍበት ሰሞን መንገድ ዳር የተጣለ ኮምፒውተር አግኝቼ፣ በአውቶቡስ ታቅፌው መጣሁ። ከላይብረሪ መጽሐፍ ተውሼ፣ ከጀርባው በተለጠፈው ሲዲ ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ዊንዶውስን የሚተካ፣ በነጻ የሚገኝ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ነበር፤ እኔ ግን ከባድ ነገር እወዳለሁ።

ችግሩ፣ የነበረችን ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ኮምፒውተሩ ያዛት። ሽሯችንን ጭናችን ላይ አድርገን መብላት ሲሰለቸው፣ ዘሪሁን ኮምፒውተሩ እስከ እሑድ ካልሠራ አውጥቶ እንደሚጥለው አስጠነቀቀኝ። እኔ ደግሞ ከፓርኪንግ የሚያወጣኝ ይኸው ኮምፒውተር ብቻ መሆኑን አምኜ ነበር።

ስሜን ስጽፍ ይቀበላል፤ የይለፍ ቃሉ ላይ ስደርስ ግን አንዲት ፊደል አያሳይም። ኪቦርዱ ተበላሽቷል ብዬ ሴቨን ኮርነርስ ገበያ ድረስ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ያው ነው።

"እንዳንተው ነው" አለ ዘሪሁን፤ "ይጀምራል፣ አይጨርስም።"

እሑድ ጠዋት ሊያወጣው እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ዳዊት በቃሉ እንደሚደግም ሰው፣ ፊደሎቹን ሳላይ እስከ መጨረሻው ጻፍኩና ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ተከፈተ። ለካ ሌላ ሰው እንዳያይብኝ ደብቆልኝ ነው እንጂ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ይቀበል ነበር። መጽሐፉ ላይ ያለውን ትእዛዝ ስሰጠው ቀኑን ጻፈልኝ፤ እሑድ።

"እሑድ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ" አለ ዘሪሁን።

የፈለገውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ እንደሚያወጣለት ነገርኩት። እናቱ በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት እንደወለደችው ዘወትር ያወራ ነበር፤ ማን ያየ ብለን እንስቅበት ነበር። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ዓመቱን ጻፍኩ።

ቅዳሜ።

 ዘሪሁን የሰበሰበውን እጅጌ አውርዶ የስክሪኑን አቧራ ጠረገበት።

"እማዬን ያውቃታል ማለት ነው" አለ። "ይቀመጥ።"

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ "ኢንጂነራችንን ኑ እዩ" ብሎ ሰበሰበ። ሰዉ የተወለደበትን ቀን ሊጠይቅ ተሰለፈ፤ ሳህን ሸፍነው የመጡም ነበሩ። በዓመቱ ሄርንደን የኮምፒውተር ሥራ ገባሁ።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ "ሶ ዳዲ፣ በአጋጣሚ ነዋ" ብላ ሳቀችብኝ። ይሁን። አጋጣሚም ቢሆን የሚመጣው ተቀምጦ ለሚሞክር ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።