“እንግዳ አክባሪ” ፍለጋ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ አየር ጤና

“አንድ ሰው! ሆሳዕና አንድ ሰው!” ሲሉ አምኜ እየሮጥኩ ገባሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ይህን ውሸት ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ዛሬም መሸወዴ ገረመኝ። ምን ይደረግ፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ባዶ ማዳበሪያዬን ጭኔ ላይ አጣጠፍኩ።

ሾፌሩ ፀጉሩ የሸበተ፣ ወሬ የሚወድ የሀዲያ ሰው ነው። በመስታወት አየኝና፣ ሰው ማዳበሪያ ይዞ የሚመጣው ከሆሳዕና ነው እንጂ ወደ ሆሳዕና አይደለም አለኝ። የእንሰት ችግኝ ላመጣበት ነው አልኩት። የትኛውን እንሰት ሲለኝ ስሙን በሀዲይኛ ነገርኩት። በአማርኛ ሲመለስ “እንግዳ አክባሪ” ማለት ነው። ትንሽ አሰበና፣ ሰምቶት እንደማያውቅ፣ ምናልባት የከምባታዎች እንደሚሆን ነገረኝ።

ከምባታ ያለው አላበሳጨኝም። እማዬ የዱራሜ ልጅ ነች፤ አባቴን አግብታ ነው ሀዲያ የገባችው። ሆሳዕና ቤታችን ጓሮ ከነበሩት እንሰቶች አንዱን “እንግዳ አክባሪ” ትለው ነበር፤ የሩቅ እንግዳ ሲመጣ ቆጮው ከእሱ ነበር። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ቤቱን ሸጥነው፤ የገዛው ሰው ጓሮውን መንጥሮ ክፍሎች ሠራበት። እሱን ምን እላለሁ፣ የሸጥነው እኛው ነን። ግን በእጇ ከተከለችው አንድ ነገር እንኳ አለመቅረቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድሜ ሳሙኤል ሰበታ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ እየጠበቀኝ ነው።

ረፋድ 4 ሰዓት፤ ወራቤ

ቲያን በጉም አለፍን፤ ቡታጅራ ላይ ፀሐይ ወጣ። መንገዱ አንዴ አስፋልት፣ አንዴ ጉድጓድ ነው። ወራቤ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ብሎ አቆመ። ቆጮ በአይብና በጎመን አዘዝኩ። ስስ፣ ነጭ፣ ለስለስ ያለ ቆጮ ነው። ጎረስኩትና የቤታችን ጠረን አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ እንባዬ እንዳይታይ ቃሪያው አቃጠለኝ አልኩ። ባለ ምግብ ቤቷን ይህ ከየትኛው እንሰት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ቆጮ ቆጮ ነው አለችኝ፤ ወዲያው ሌላ ሰው ልታስተናግድ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር ፍለጋው ተስፋ ያለው አይመስልም። አባቴ በተወለደበት መንደር እንሰት የሚፍቁ ሴቶች ማኅበር አለ። ሊቀመንበሯን ወርቅነሽን ከሳምንት በፊት ደውዬ ስጠይቃት፣ በስም እንደማታውቀው፣ ግን የየቤቱን ዓይነት በአንድ ቦታ እያራቡ ስለሆነ መጥቼ እንዳይ ነግራኛለች። ከአባላቱ አንዷ የአባቴ ወንድም ሚስት፣ የጴጥሮስ እናት ናት። በስልክ አይሰማትም፤ ከእማዬ ቀብር ወዲህም አላየኋትም። አራት ዓመት! ነውር ነው።

ቀን 7 ሰዓት፤ ሆሳዕና

ዝናብ ጥሎ ቆሟል። ባጃጆቹ ጭቃ ይረጫሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጫማቸውን አንጠልጥለው ይሻገራሉ። ወደ መንደሩ የሚወስደኝ መኪና እስኪሞላ ባጃጅ ይዤ በድሮ ቤታችን በኩል አለፍኩ። ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ አንድም የእንሰት ቅጠል አይታይም። ባለባጃጁ ላቁም ወይ ቢለኝ፣ አይ ንዳው አልኩት።

በዚህ ቤት በር ላይ ነበር እማዬን የምንስቅባት። አማርኛዋ ጎደሎ ነበር፤ ማለትም ለእኛ እንደዚያ ይመስለን ነበር። ድመቷን “አይጥ አዳኝ” ትላታለች። ድንች “የመሬት ፍሬ” ነው። ድስት “ወጥ መሥሪያ”፣ ድንጋይ “ያ ጠንካራው”። ሳሙኤልና እኔ እየተንከባለልን እንስቃለን፤ “እማዬ፣ ድመት በይ! ድ-መ-ት!” እንላታለን። ፈገግ ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ስትሄድ ደግሞ ሙሉ ስሜን ተጠይቃ “ምሕረት ኤርሚያስ” ካለች በኋላ ቆመች። አያትስ ሲሏት አብራን ወደ መጣችው ጎረቤታችን ዞረች፤ ጎረቤታችን “ዲሌቦ” አለችላት። መዝጋቢው የአማቷን ስም የረሳች መስሎት ሳቀ። እኔ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አፈርኩባት።

አድጌም አልተሻለኝም። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ ለበዓል ስመጣ እሷንም ማረሜን እቀጥል ነበር።

ቀን 9 ሰዓት ተኩል፤ የአባቴ መንደር

በአንጋጫ መንገድ ወርጄ ግማሽ ሰዓት በእግር። የማኅበሩ ግቢ ሴት ብቻ ነው፤ እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገብ አይቆምም፤ አጥሩ ላይ ሊያወራ የተጠጋውን ገበሬ በሀዲይኛ ተሳድበው አባረሩት፤ እየሳቀ ሄደ። ሴቶቹ መሬት ተቀምጠው አንድ እግራቸውን አንስተው፣ የእንሰቱን ልጥ በተረከዛቸው ከጣውላው ጋር ይዘው በቀርከሃ ይፍቃሉ። ነጩ ከታች ይወርዳል፣ ቃጫው እጃቸው ላይ ይቀራል።

ወርቅነሽ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። ማኅበሩ ሳይመዘገብም በፊት እናቶቻቸው ተራ ገብተው አንዷ የሌላዋን ይፍቁ እንደነበር ነገረችኝ። አሁን ቡላውን አሽገው ሆሳዕና ይልካሉ፤ ያረገዘች ወይም ያዘነች ካለች ግን አሁንም የእሷ ይቀድማል። ከዚያ ወደ ችግኙ መደብ ወሰደችኝ። እያንዳንዷ ከጓሮዋ ያመጣችው ዓይነት ስሙ በቆርቆሮ ተጽፎ ተሰክቷል። ሲስቀላ፣ ጊሺራ፣ ዲሾ፣ ሳፓራ... አንድ በአንድ አነበብኩ። “እንግዳ አክባሪ” የለም። ሴቶቹን ብጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሁሉም እንሰት እንግዳ ያከብራል ብላ አሳቀቻቸው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ልመለስ ነው።

የጴጥሮስ እናት ከሚፍቁት ሴቶች ተርታ መጨረሻ ተነሥታ መጣች። አርጅታለች። ጉንጬን እየደጋገመች ሳመችኝ፤ የጠፋሁበትን ዘመን አንድም ቃል አላነሣችም፤ ይኸው ባሰብኝ። የምፈልገውን ነገርኳት። እጄን ያዘችና ቀጥ ብላ ወስዳ አንድ ችግኝ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

“ይኸውልሽ፣ እንግዳ አክባሪ።”

ቆርቆሮውን አነበብኩ። “ይሄማ ዲሾ ነው!” አልኩ። ገበያ ሁሉ የሞላው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ወራቤ የምበላው። የጴጥሮስ እናት አፏን በእጇ ሸፈነች። ከኋላዬ ሴቶቹ ሳቁ።

ወርቅነሽ ናት ያስረዳችኝ። የጴጥሮስ እናት የዲሾን ስም አትጠራም አለችኝ። ባሊሻ ነው፤ ያገባች ሴት የአማቷ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ከአፏ አይወጣም። አማቷ ዲሌቦ ናቸው፤ ስለዚህ ዲሾ ነውር ነው፤ በሌላ ስም ትጠራዋለች። የዛሬ ሙሽሮች ትተውታል።

ባሊሻን ሰምቼ አውቃለሁ፤ የድሮ ነገር፣ የገጠር ነገር ብዬ ነበር ያለፍኩት። አሁን ግን ቆሜ ቀረሁ። አያቴ ዲሌቦ የእማዬም አማት ናቸው። በእሷ አፍ ደግሞ “ድ” የሚባል አልነበረም፤ ሁሉም “ዲ” ነው። ዲመት። ዲንች። ዲስት። ዲንጋይ። እዚያው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

የጴጥሮስ እናት አጠገቤ ተቀመጠች። በእማዬ እንደምንስቅባት ታውቅ ነበር። እማዬ ራሷ ነግራታለች።

“እናትሽ አማርኛ ከሁላችን በላይ ታውቅ ነበር” አለችኝ። “ልጆቼ ይሳቁ፣ ሳቃቸው ያምርብኛል ትለኝ ነበር። እንደዚህ የምንነጋገረው እኔና እሷ ነበርን። እሷ ከሄደች ወዲህ የሚመልስልኝ አጣሁ። እስቲ አንዴ በይልኝ።”

“እንግዳ አክባሪ” አልኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። አንቺ የልጅ ልጃቸው ነሽና እውነተኛውን ብትጠሪ ነውር የለብሽም አለችኝ። ወርቅነሽን ቆርቆሮው ላይ “እንግዳ አክባሪ” የሚለውንም እንድትጨምር ብጠይቃት ደግሞ የጴጥሮስ እናት ከለከለች፤ እሱ የሰው አክብሮት ነው፣ የእንሰት ስም አይደለም አለች። ችግኙን ራሷ ነቅላ፣ ሥሩን ከአፈሩ ጋር በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ዓርብ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፤ ሆሳዕና መናኸሪያ

ማዳበሪያዬን እግሬ ሥር አድርጌ መኪናው እስኪሞላ ሳሙኤል ጋ ደወልኩ። ተገኘ ወይ አለኝ፤ ተገኝቷል አልኩት። ምን ዓይነት ነው ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ባሊሻውን፣ የአያታችንን ስም፣ ድመቷን።

“ታዲያ ለምን አልነገረችንም?” አለ።

“አልጠየቅናትማ፣ ሳሚ። አረምናት እንጂ።”