ሰላምታ የነሳሁ ሰሞን

ካቦ ሆነሻል የተባልኩ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡብኝ እንዲህ ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን፣ ቦታው ሰበታ ነው። እኔ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ክር የማጠነጥን ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ክፍላችን ማጠንጠኛ ይባላል፤ ከመፍተያው የመጣውን ክር በማሽን እየጠቀለልን ለሸማኔዎቹ እናቀብላለን። እኛ ከዘገየን ሸማኔዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ሸማኔዎቹ ሲቀመጡ ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ይነሣሉ። እሳቸው ከተነሡ ደግሞ ለማንም ደግ ቀን አይሆንም።

ክፍሉ በሙሉ ሴት ቢሆንም ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ምንጊዜም ወንድ ነበር። የመጨረሻው ካቦ ደረቱ ሰፊ፣ ጉሮሮው ከደረቱ የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ወደ መጋዘን ኃላፊነት ተዛወረ። ሥራ አስኪያጁ በእሱ ቦታ እኔን ያሰቡት ማንበብና መጻፍ ስለምችል፣ ክርም እጄ ላይ ብዙ ስለማይበጠስ ነው። ቢሮአቸው ጠርተው፣ «እስከ መስቀል እናይሻለን፤» አሉኝ። «ከሆነልሽ መልካም። ካልሆነልሽ ከአዲስ አበባ የሠለጠነ ወንድ አመጣለሁ፤ አንቺም ወደ ማሽንሽ ትመለሻለሽ።»

ሥራውን ፈልጌው ነበር። ለይሉኝታ ያህል «እኔ የት እችላለሁ» አልኩ እንጂ ውስጤ በደስታ ይዘል ነበር። የደመወዙ ጭማሪ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የበለጠ የፈለግኩት ግን እኔ ያልኩት ነገር ሲሆን ማየት ነበር። የብዙ ልጆች መጨረሻ ነኝ፤ እህሉም ወሬውም እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከጠገበ በኋላ ነው። ምግብ ላይ ተናግሬ ያልተቋረጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ችግሩ ድምፄ ነው። ቀጭን ነው፤ ትንሽ ከተቆጣሁ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ልምምድ ያዝኩ። ከሥራ ስወጣ ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ውስጥ እገባና ዛፎቹን አዛለሁ። «አንቺ፣ ክርሽን ቀጥይ! አንቺ ደግሞ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ!» እላለሁ። ዛፍ መቼም ቆሞ ከማየት ሌላ ምን ሥራ አለው? አንድ ቀን ቅጠል የምትጠርግ ሴትዮ ከግንድ ኋላ ብቅ ብላ፣ «ከማን ጋር ነው የተጣላሽው፣ እህቴ? ላገላግልሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጫካ አልሄድኩም።

ቡራዩ የሚኖር አጎት አለኝ። አሥር አለቃ ሆኖ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጣ፣ በጓሮው ዶሮዎቹን ሳይቀር ማሰለፍ የሚያምረው ሰው ነው። እሑድ አውቶቡስ ቀያይሬ ሄድኩና ምክር ጠየቅኩት። ደስ አለው፤ እስከዚያ ቀን በዚያ ቤት ምክሩን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግድግዳ አስደግፎ አቆመኝ፣ አገጬን በጣቱ ቀና አደረገው።

«አለቃ አንገቱን አይሰብርም፤» አለ። «አለቃ ከበታቹ ጋር ወሬ አይሰልቅም። በተለይ ጠዋት። ጠዋት ፈገግ ካልሽላቸው ቀኑን ሙሉ አለቀልሽ።»

ይህን ምክር እንደ መድኃኒት ዋጥኩት። ሰኞ ጠዋት አንገቴን አቅንቼ፣ ፊቴን ቋጥሬ፣ በአዲሱ ጫማዬ ቋ ቋ እያልኩ በፋብሪካው በር ገባሁ።

እዚህ ላይ የእኛን ጠዋት ልንገራችሁ። ሴቶቹ ደወል ከመደወሉ በፊት ደርሰው በግቢው አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። የሚመጣ ሰው ሁሉ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ይሳለማል። ለአማርኛ ተናጋሪዋ «እንዴት አደርሽ»፣ ለኦሮምኛ ተናጋሪዋ «አካም ቡልቴ»፣ ለአብዛኞቹ ሁለቱም። ያደረው ሁሉ ይጠየቃል፦ ልጁ፣ ላሟ፣ የባል እግር፣ የአማት ጤና፣ ያልጸደቀው ጎመን። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ወሬ ስለሌለ የቀኑ ጨዋታ በሙሉ እዚያ ያልቃል። እኔ ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ ጎን እንኳ ሳላይ አልፌ ገባሁ። በማግስቱም እንዲሁ አደረግኩ፤ እያደር ለመደልኝ፣ አለቃ የሆንኩም መሰለኝ።

ክፍሉ ፀጥ አለ። ሴቶቹ ገና ሲያዩኝ ዐይናቸውን ይሰብራሉ። ተከበርኩ ብዬ ደስ አለኝ። ግን ሥራው መጎተት ጀመረ። የአንዷ ማሽን ቺንጋ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዞረው ጠፍር፣ ይላላል፤ ቀድሞ ቢሆን ሮጣ ለካቦው የምትነግር ሴት አሁን ማሽኗን አቁማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የሌላዋ ክር ያልቃል፤ ዝም ትላለች። ቀርቤ «ምነው?» ስላት «ምንም፣ እመቤቴ» ትለኛለች። እመቤቴ! ትናንት ከአንድ ሳህን ሽሮ የበላን ሰዎች።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ። ሸማኔዎቹ ክር እያጡ የቀኑን ግማሽ ተቀምጠው ይውላሉ አሉኝ። «መስቀልን መጠበቅ አልችልም። ሰውዬውን አስጠርቻለሁ፤ በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል፤» አሉ። ያን ሥራ ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴ ምሳ ስታቀርብ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አንዱ ሁላችንም «ኦቦ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው የፋብሪካው ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ሁለተኛዋ የክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ፣ ትልቅ ትንሹ «እማማ» የሚላቸው ናቸው። ሦስተኛዋ በትዳር ከሱሉልታ የመጣች፣ ምላሷ ፈጣን የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ናት። በእኛ አገር ሣር የያዘ ሰው ከመጣ ለዕርቅ ነው። እናቴ በድንጋጤ ወደ እኔ ዞረች፤ ሰው የገደልኩ ነው የመሰላት።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ፤» አለቻቸው።

«ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤» አሉ ኦቦ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሴቶቹ ልከውን ነው። ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ? ምን አደረግንሽ? ቂሙን በሆድሽ ይዘሽ ከምትጎጂ ተናገሪና ይውጣልሽ፤» አሉኝ።

«እኔ ማንንም አልተቀየምኩም፤» አልኩ።

«አትደብቂን፤» አሉ እማማ። «ሰላምታ የነሳ ሰው ሳይቀየም ነው? ጥፋቱ የኔ መሆኑንም አውቄዋለሁ። አዲስ ጫማ አድርገሽ የመጣሽ ቀን ‹ዶሮ ጫማ አደረገች› ብዬ ስቄያለሁ። ይቅር በይኝ።»

ይህን ፈጽሞ አልሰማሁም ነበር። አፌን ልከፍት ስል የሱሉልታዋ ቀደመችኝ።

«የኔ ይብሳል። በምሳ ሰዓት ድምፅሽን እያስመሰልኩ ሴቶቹን ሳስቃቸው ነው የከረምኩት። ዱጋ፣ እውነቴን ነው፤ አፌ እንጂ ሆዴ የለበትም።»

ኦቦም ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ «እኔም አለሁበት፤» አሉ። «ለካቦ በሩ ወለል ተደርጎ ነው የሚከፈተው። ላንቺ ገርበብ ብቻ ነው ያደረግኩት። የለመድኩት እንደዚያ ነዋ።»

ለካ ማሽናቸውን አቁመው የተቀመጡት እኔን ንቀው አልነበረም። በእኛ ዘንድ ከተቀየመ ሰው ነገር አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ዕርቅ፣ ከዚያ ሌላው። ክር አለቀብኝ ለማለት እንኳ መታረቅ ነበረባቸው። የማላውቀውን ሐሜት ሁሉ ደግሞ በገዛ አፋቸው ዘረዘሩልኝ። መጀመሪያ ደሜ ፈላ፣ በተለይ በጫማዬ። ከዚያ ሳቄ መጣ። ልቆጣጠረው ብል አልቻልኩም፤ ስስቅ እንባዬ ወረደ።

«አልተቀየምኳችሁም፤» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ። «ፈርቻችሁ ነው። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ካልኮሰተርኩ የምትሰሙኝ አልመሰለኝም።»

ሦስቱም ተያዩ። እማማ ሣሩን ጭናቸው ላይ አድርገው በመጨረሻ ተቀመጡ።

«ድምፅሽን ማን ጠየቀሽ?» አሉ። «ማሽኑ ከተነሣ መብረቅ ቢጮህ ይሰማል? ያ የፊተኛው ካቦ ያን ሁሉ ዓመት ሲጮህ አንዲት ቃል ሰምተነው አናውቅም። አፉ ሲከፈት እናይና ‹እሺ› እንላለን።»

እናቴ ሳትቀር ሳቀች። ኦቦ ፍርድ ሰጡ፤ ነገ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር እሳለማለሁ፣ የከረመውንም ሰላምታ ጨምሬ። «ሃ ታኡ፤» አሉ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። ሁለቱም ሴቶች «ሃ ታኡ» ብለው ተቀበሉ። ከዚያ ምሳው ቀረበና የሱሉልታዋ በእናቴ ፊት ድምፄን አስመሰለችልኝ። ቁርጥ እኔን መሰለች።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ጫፍ ጀመርኩ። አንዷን «እንዴት አደርሽ፣ ጉልበትሽስ?» ስላት ስለ ጉልበቷ ነግራኝ ስታበቃ፣ «ማሽኔም እንደ ጉልበቴ ሆኗል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል» አለችኝ። ሁለተኛዋ ልጇ ታሞባት ሌሊቱን እንዳልተኛች ነገረችኝ። ሦስተኛዋ ቅዳሜ የመጣው ክር ርጥብ እንደነበር፣ ስለዚህም እንደሚበጠስ ነገረችኝ። እኔም እግረ መንገዴን «እንግዲያው አንቺ ዛሬ በዚያኛው ማሽን ሁኚ» እላለሁ፤ ጆሮዋ ሥር ስለሆንኩ መጮህ የለም። ደወሉ ሲደወል የቀኑ ሥራ ተደልድሎ አልቆ ነበር። ሥራዬን ያገኘሁት እዚያ ነው። አጎቴን እወደዋለሁ፣ ግን እሱ ያዘዘው ዶሮ ነው።

ክሩ መጉረፍ ጀመረ፤ ሸማኔዎቹም ፋታ አጡ። ቢሆንም የሰውዬው መምጣት አልቀረም። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ወደ እማማ ጎንበስ ብዬ የትከሻቸውን ሕመም ስሰማ ሥራ አስኪያጁ ካፖርት ከለበሰ፣ ጺሙን አሳምሮ ከተላጨ ሰው ጋር ከኋላዬ ደረሱ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሥራ ትተሽ ወሬ ነው የያዝሽው?» አሉኝ።

«ወሬ አይደለም፣ ጌታዬ፣» አልኩ።

«አይሰማም። ጮክ በይ።»

ልጮህ አየር ሳብኩ። ከዚያ ተውኩት። በዚያ ፈንታ ወደ እሳቸው ተራምጄ፣ ሴቶቹን እንደማናግረው ቀርቤ በራሴ ድምፅ ተናገርኩ። እሳቸውም ሳይወዱ ጎንበስ አሉ። «ወሬ አይደለም። የዚህችኛዋ ማሽን ቺንጋ ላልቷል፤ ሜካኒኩን ልኬበታለሁ። ያቺ ልጇ ታሞባት አልተኛችም፤ ክር በማይበጠስበት ማሽን ላይ ትውላለች። እማማን ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ከባዱን ጥቅል ጎረቤታቸው ታነሣላቸዋለች። ይህን ሁሉ የምሰማው ስሳለም ነው። ሸማኔዎቹ በዚህ ሳምንት ተቀምጠው እንደሆነ ይጠይቋቸው።»

ባለ ካፖርቱ ፈገግ አለ። «እኔ ብሆን ይህን ሁሉ በአንድ ፊሽካ እጨርሰዋለሁ፤» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም አዩን፤ መወሰን እንዳቃታቸው ያስታውቅ ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞሩና፣ «እስቲ እናንተ ተናገሩ። ካቦነቱ ለማን ይሁን? ለእሷ ወይስ ለእሱ?» አሉ።

አንዲት ሴት እንኳ አልተናገረችም። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፣ ሌላዋ መሬት መሬት አየች። ሰውን በፊቱ «አንተን አልፈልግም» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላጽናናኝም፤ ከፍቶኝ ነበር። እሑድ ሣር ይዘው ቤቴ የመጡ ሰዎች ዛሬ አንድ ቃል ይጥፋቸው?

ደወሉ ተደወለ። ሌላ ቀን ቢሆን ደወል ሲደወል ግር ብለው ተጋፍተው ነው የሚገቡት። ያን ጠዋት ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። ደወሉ ጨርሶ ዝም አለ፤ አሁንም ማንም አልተነሣም።

እማማ ሥራ አስኪያጁን አላዩአቸውም፤ ባለ ካፖርቱንም አላዩትም። እኔን ቀና ብለው አይተው፣ «ካቦ፣ እንግባ?» አሉኝ።

በሕይወቴ አፌን እስክከፍት የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን አንድ ግቢ ሙሉ ሴት እኔ እስክናገር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር።

«ግቡ፤» አልኩ። ድምፄ ያው ቀጭኑ ነበር፤ ከዳር ያሉትም ሰምተው ተነሡ። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ እየተጨዋወቱ በፊቴ አለፉና ወደ ማሽኖቻቸው ገቡ። ግቢው ውስጥ ሁለቱ ወንዶች ብቻ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ቆመው አሰቡና እንግዳቸውን ወደ ሻይ ቤት ወሰዱት፤ ከሰዓት በኋላ በአዲስ አበባው አውቶቡስ ተሳፈረ። እኔ ያን ጊዜ ማሽኖቹ መካከል ነበርኩ፤ ሲሄድ አላየሁትም።