ሽማግሌ የተላከበት የሶላር ክሬዲት

ሰው ሲያታልለኝ እንደምናደድ ድሮም አውቃለሁ። ያታለለኝ ሰው ሽማግሌ ሲልክብኝ ምን እንደምሆን ያወቅኩት ግን ባለፈው የታክስ ወቅት ነው። ዛሬም ሳወራው ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ እጽፈዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ነገሩ የጀመረው በአማቴ ኦክስጅን ነው። አማቴ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ ሐኪሙ የዚህ ከተማ ከፍታ ለሳንባቸው እንደማይስማማ ነገረን። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቀንም ሌሊትም እያንጎራጎረች ኦክስጅን የምትሰጣቸው ማሽን ተቀመጠች። ማሽኗ ያለ ኤሌክትሪክ አትሠራም፤ እዚህ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ሲበረታ መብራት ይጠፋል። አንድ ቀን እንግልውድ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ የሰው እናት እያጠብኩ ሳለ ባለቤቴ ደወለ። መብራት ከጠፋ መቆየቱንና የተጠባባቂው የኦክስጅን ሲሊንደር ሊያልቅ መሆኑን ነገረኝ። ከሥራ እንዴት እንደወጣሁ፣ ፍሪዌዩን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። ስደርስ መብራቱ መጥቷል። እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ባትሪ ያለው ሶላር እናስገባለን ብለን ወሰንን።

የሚያስገባልን ሰው ፍለጋ አልሄድንም። በጽዋ ማኅበራችን ውስጥ ለአንድ የሶላር ድርጅት የሚሸጥ ሰው ነበር። አንደበቱ ማር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሰው ሰብስቦ ጣሪያችሁ ላይ የሚወርደውን ጸሐይ ለምን ታባክናላችሁ እያለ ያስቃል። ስንነግረው በሚቀጥለው እሑድ ቤታችን መጣ። ምሳ አቀረብን፣ በላን፣ ስለ ልጆች ተጫወትን። ከዚያ ሂሳቡን ማስረዳት ያዘ። ደጋግሞ ያነሣው አንድ ነገር ነው፤ ስቴቱ ለባትሪው የታክስ ክሬዲት ይሰጣል፣ ታክስ ስታሠሩ ገንዘቡ ወደ እናንተ ይመጣል።

እኔና ባለቤቴ ያንን ክሬዲት ገና ሳናገኘው ሥራ ሰጠነው። በትከሻ የምትንጠለጠል፣ በራሷ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ የኦክስጅን ማሽን አለች። ኢንሹራንሱ ደጋግሞ አልሸፍንም ብሎናል። እማማ ያንን ከባድ ሲሊንደር እየጎተቱ መሄድ አድክሟቸው ቤተ ክርስቲያን ከቀሩ ቆይተዋል። ቅዳሴውን ከአልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ ነው የሚከታተሉት። በዚያ ክሬዲት ማሽኗን ገዝተን ለፋሲካ ራሳችን ይዘናቸው ልንሄድ ተነጋገርን። እሳቸውም ሰምተው ነጠላቸውን አሳጠቡኝ።

በዚያ የምሳ ዕለት ሰውየው ታብሌቱን ሲያቀብለኝ ገና ገበታው አልተነሣም። ገጾቹን እሱ ራሱ በጣቱ ይገፋቸዋል።

«እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ እህት ዓለም። እዚህም። ይቺ ፎርማሊቲ ናት።»

እንግሊዝኛ አያቅተኝም። ሥራዬ ላይ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ትእዛዝ ሳነብ ነው የምውለው፤ አንዲት ቃል ብስት ሰው ይጎዳል። ሻጩ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ በር ላይ አቁሜ ከላይ እስከ ታች አነብበት ነበር። ይሄ ግን እጁን የታጠበው በእኔ ውሃ፣ የበላው ከእኔ ገበታ ነው፤ ጽዋ አብረን ጠጥተናል። እሱ እያየኝ መስመር በመስመር ማንበብ አላምንህም ማለት መሰለኝ። «ቆይ» ልል አልኩና ተውኩት። ፈረምኩ።

ሶላሩ ገባ። ሥራው መጥፎ ነው አልልም። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ ማሽኗ አንዴም አልቆመችም፤ ይህንን ካልተናገርኩ እኔም ዋሾ እሆናለሁ።

የታክስ ወቅት ሲመጣ ወረቀታችንን ሰብስቤ ሀቫና መንገድ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ታክስ ወደሚሠራልን ያገራችን ሰው ሄድኩ። ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ክሌይም አድርገሽ ማስመለስ አትችዪም» አለኝ። «ክሬዲቱን ለሻጩ አስተላልፈሽዋል። ፊርማሽ ይኸው።»

አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሕጉ ገዢው ከፈለገ ክሬዲቱን ለሻጩ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል፤ ሻጩ በምትኩ ከዋጋው ላይ ይቀንስለታል። ቀንሶልሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አብረን አየነው። ዋጋው ሙሉ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተነካም። ሰውየው የእኔን ክሬዲት ገበታዬ ላይ አስፈርሞ ወስዶ፣ ዋጋውንም ሙሉ አስከፍሎኛል። በዚያ ላይ ክሬዲቱ ወደ እናንተ ይመጣል እያለ እንጀራዬን ሲጎርስ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ልቅሶው የሐዘን አልነበረም፤ የንዴት ነበር።

ደወልኩለት። መጀመሪያ ገና ፕሮሰስ ላይ ነው አለ። በሌላ ቀን ሲስተሙ ነው አለ። ቀጥሎ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያስቸገርሽ አለኝ። በመጨረሻ ስልክ ማንሣት ተወ። እኔም ለስቴቱ የሸማቾች መብት ቢሮ አቤት እንደምል ጽፌ ላክሁለት። ለዚያ መልእክት መልስ አልጻፈም፤ ሽማግሌ ላከ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ የማኅበራችን ሰዎች ናቸው። ሦስተኛውን ጋሼን ግን ዴንቨር ያለ ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። በሱዳን በኩል በስደት ወጥተው፣ እኛ ሁላችን ከመምጣታችን በፊት እዚህ ከተማ የገቡ፣ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። እኔና ባለቤቴ ከአውሮፕላን ስንወርድ ያሳደሩን በእሳቸው ቤት ነው። ሰውየው ማንን መላክ እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል።

ወንበር አቀረብን። አልተቀመጡም። ባለቤቴ ለመናቸው። እሺ ሳትሉን አንቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሐል ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ ጋሼ፣ «መጀመሪያ እሺ በይን። ነገሩን ከዚያ በኋላ እንነግርሻለን።»

ይህ ያገራችን ወግ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እሺ ይባላል፣ ከዚያ ጉዳዩ ይሰማል። እናቴም እንዲያ ነበር የምታደርገው። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ምንጣፉን እያየ እሺ በያቸው ብሎ አንሾካሾከልኝ። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የመጣችው ያቺ ታብሌት ናት። ሳላነብ ፈርሜ ለደረሰብኝ በደል አሁን ደግሞ ሳልሰማ እሺ እንድል ነው የሚጠይቁኝ።

«ጋሼ፣ ያልሰማሁትን እሺ አልልም» አልኳቸው። «አንዴ ብዬ አይቼዋለሁ።»

ባለቤቴ ክፉኛ ደነገጠ። እሳቸውም ከእኔ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም፤ ግን ሰው ናቸውና ጉዳዩን ማስረዳት ጀመሩ። ሰውየው የልጆች አባት ነው፣ አቤቱታው ከደረሰ ከሥራ ይባረራል አሉ። ሲመቸው ይመልስልሻል አሉ። ገመናችንን ፈረንጅ ፊት ባናወጣው ይሻላል፣ በማኅበሩ ስም ነው አሉ። ማኅበሩ እኮ እኔም ነኝ። እኔ ስታለል ስሙ ያልጠፋ ማኅበር፣ ተታለልኩ ብዬ ስናገር እንዴት እንደሚጠፋ እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ጥርሴን ነክሼ ሰማኋቸው። ከሁለቱ አንደኛው ግን በመሐል ገብቶ ለእናታችንም ጤና ቢሆን ሰላም ይሻላል ሲል ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማማ ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደቀሩ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?» አልኩ።

ማንም ጠይቆ አያውቅም። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው፤ የማሽኗ ድምፅ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ክሬዲቱ ለምን እንደነበረ ነገርኳቸው። ስለ ትንሿ ማሽን፣ ኢንሹራንሱ ስላለው፣ ለፋሲካ ተብሎ ስለታጠበችው ነጠላ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከፍ ማለቱም አላሳፈረኝም። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

«የእኔንም ወስዷል» አሉ።

ሁለቱ ወደ እሳቸው ዞሩ። እነሱም አልሰሙም ነበር።

«አምና ታክስ ሳሠራ ነው ያወቅሁት። በዚህ ዕድሜዬ ተታለልኩ ብል ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። አለፈ። አንቺም ተዪው ልጄ፣ ያልፋል።»

ንዴቴ በአንድ ጊዜ ከሻጩ ተነሥቶ እሳቸው ላይ አረፈ። የእሱስ ሌብነት ነው፤ ሌባ ደግሞ የሚሠራው ይታወቃል። እኚህ ሰው ግን ያወቁት አምና ነው፤ እኛ የፈረምነው ከዚያ በኋላ፣ በዚህ አገር በጋ ነው። በእነዚያ ወራት በየእሑዱ ሰላም ተባብለናል፤ ሶላር ልናስገባ ነው ብዬ በራሴ አፍ ነግሬያቸው መልካም ነው ብለው መርቀውኛል። ይሄ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎ ያኔ ተናግረው ቢሆን እኔ አልፈርምም ነበር።»

ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። ባለቤቴ በር ድረስ ሸኝቷቸው ተመልሶ፣ ያሳደረንን ሰው ቤታችን ውስጥ አዋረድሽ ብሎ ተቆጣኝ። የተዋረዱት በእኔ እንዳልሆነ ልነግረው ሞከርኩ፤ ሊሰማኝ አልፈለገም። እናቱ ከመኝታ ቤት ጠሩት። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሲመለስ ግን ቁጣውን ትቶት ነበር።

ሰኞ አቤቱታዬን አስገባሁ። ድርጅቱ በጠበቃ በኩል ፊርማው የእርስዎ ነው ብሎ ጻፈልኝ። የታክስ መሥሪያ ቤቱም የተላለፈ ክሬዲት በእኔ ስም ተመልሶ ሊጠየቅ እንደማይችል በትህትና ነገረኝ። የሸማቾች ቢሮው ጉዳዩን እያየነው ነው ይለኛል፤ ያዩታል ብዬ እጠብቃለሁ። በማኅበሩ ዘንድ ስሜ ከሳሿ ሆኗል። ሰውየው ዛሬም ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ ያስቃል፤ ሰዎችም ዓይናቸውን በጨው ታጥበው አብረውት ይስቃሉ። የሚስቁት ስንቶቹ እንደ ጋሼ እያወቁ እንደሆነ መገመት ትቻለሁ፤ ስገምት እንቅልፍ አጣለሁ።

በቅርቡ ቶርንተን የምትኖር አንዲት የማኅበራችን ሴት ስልክ ደወለችልኝ። ሰውየው እነሱም ቤት መጥቶ ነበር። በልቶ ሲጨርስ ታብሌቱን አወጣ። እሷ ተቀበለችውና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች። እሱ ሲቁነጠነጥ፣ ውሃ ሲጠይቅ፣ ሰዓቱን ሲያይ ቆየ፤ ግማሽ ሳታደርስ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። እንዴት ደፍረሽ አነበብሽ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ ናቸዋ» አለች። «ሊመጣ መሆኑን ሰምተው ደወሉልን። የእኔንም የእሷንም ወስዷል፣ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ አሉን።»

ደስ አለኝ ማለት ይጠበቅብኝ ይሆናል፤ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ይበልጥ ግን ተናደድኩ። አንዲት የስልክ ጥሪ ናት፤ ነገሩ ከዚህ በላይ ምንም አልጠየቀም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ እማማ ክፍል ገባሁ። እሑድ ነበር። የታጠበችውን ነጠላ ለብሰው፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ ስልካቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው ያስቀድሳሉ። ያቺ የጋሼ ስልክ እኛ ቤት አምና ተደውላ ቢሆን ኖሮ እማማ ይህን ጊዜ ትንሿን ማሽን አንግተው ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።