ፋርማሲው ክፍት ነበር

ይህን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እኛ ጴንጤዎች የነፍስ አባት የለንም፤ እንግዲህ የምታነቡት እናንተው ስሙኝ። ያደረግኩት በክፋት አይደለም፤ ለማወቅ ነው። ይሄ ደግሞ ይብሳል መሰለኝ።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ፣ ኦቦ ደበሌ ግቢ ተከራይቼ እኖር ነበር። ኦቦ ደበሌ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ደም ብዛት አለባቸው፤ መሬታቸው ሊወሰድ ነው ሲባል ደግሞ እንቅልፍ አጡ። እኔ የፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ ፈትቼ እቤት ዋልኩ። እናቴ ከአርባ ምንጭ የላከችልኝ የሽፈራው ቅጠል ነበረኝ፤ እኛ አገር እንደ ጎመን ነው የሚበላው። ግፊት ያወርዳል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ይሆን? ብዬ ለኦቦ ደበሌ አፈላሁላቸው።

«እንግዲህ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል!» ብለው እየሳቁ ጠጡ። በየጠዋቱ ለካኋቸው። ወረደ! ደስታዬን አልቻልኩትም። ግን ኪኒናቸውንም ይውጣሉ፤ ታዲያ ያወረደው የቱ ነው? ይቺ ጥያቄ እረፍት ነሳችኝ።

ኪኒኑ አለቀ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ሰነበተና አንድ ቀን ረገብ ሲል ባዶውን ፓኬት ሰጥተው ላኩኝ። ሄድኩ። ፋርማሲው ክፍት ነበር። ሴትዮዋ ደጇን ስትጠርግ ሰላም ተባብለናል። እዚያው ቆሜ አሰብኩ፦ ሳምንት ብቻ፣ ቅጠሉን ብቻ፣ ምን ይሆናሉ? ተመለስኩ። «ዝግ ነው፣ ኦቦ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

በሦስተኛው ቀን ግፊቱ ወጣ። በአራተኛው ባሰ። «ኢንተላ ኮ፣ ምን ይላል ልጄ?» ሲሉኝ «ደህና ነው» አልኩ። ነርስ ነኝ እኮ! ሳያውቅ ያጠፋ ይማራል፤ እኔ ግን ምን ሊመጣ እንደሚችል አውቅ ነበር። ነገ ይወርድ ይሆናል እያልኩ ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከበራቸው ወጣ እንዳሉ ወደቁ፤ አፋቸው ተጣሟል፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። ጎረቤት ከመጥራቴ በፊት ምን አደረግኩ? ለካሁ። ለክቼም ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው የጮህኩት።

ተረፉ። እጃቸው ግን አልተመለሰም፤ እርፍ የሚጨብጡበት እጅ። መሬቱ ሳይወሰድ ቀረ፣ አሁን የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። ሰው ሲጠይቃቸው ምን ይላሉ መሰላችሁ? «ፋርማሲው ሁሉ ተዘግቶ መድኃኒት ሲጠፋ ያተረፈችኝ ይቺ ልጅ ናት! ቅጠሏ ባይኖር ያኔውኑ አፈር ገብቼ ነበር!» ግፊት ያለበትን ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይልካሉ። የሚመጡትን ሁሉ ኪኒናችሁን እንዳትተዉ እላለሁ። ለምን እንደምል ግን አልነግራቸውም። ቅጠሉ በእውነት ይሠራ እንደሆነም፣ አፍሬ ልናገረው፣ ዛሬም ማወቅ ያምረኛል።

ማሩኝ አልልም፤ እናንተን ምን በደልኩና! መጠየቅ ያለብኝን ሰው አውቀዋለሁ። ባለፈው የገና በዓል ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆርጬ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት ሊመርቁኝ እጃቸውን አነሱ። ቀኙ እምቢ ሲላቸው ግራውን ራሴ ላይ ጫኑና፣ «በግራ ስለሆነ ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

እሳቸው ናቸው ይቅርታ የጠየቁት። መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።